የጥር ማር

ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ይህን የማውቀው አባቴ በሞተበት ክረምት እናቴ ለለቅሶ በተሰበሰበው ሰው ፊት "አሥራ አምስት ዓመት ያቀፋት ልጁ" እያለች ሙሾ ስታወርድ ስለሰማኋት ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የጠየቀኝም የነገረኝም ሰው አልነበረም።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። እዚህ ንፋስ መውጫ የምትማርበት ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ የሚሉት ነገር አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ከከተማው ወጣ ብለው ዛፉንም ወፉንም እያዩ፣ ያዩትን በስልክ ፎቶ እያነሱ ይመለሳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጨጎጎት ተለጥፎበት ገባችና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"እታለም፣ ቁልቋል አበባ እንዳለው ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

አየሁት። በእሾሃማው ክንድ ጠርዝ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተደረደሩ ቢጫ አበቦች ናቸው። በአንዷ ላይ ንብ ተቀምጣለች። "አውቃለሁ" አልኳት፤ ጉሮሮዬን ግን ለበለብ አደረገኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ምን አሳቀሽ ብትለኝ፣ "አያ ታከለ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። "እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?" አለች። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አያ ታከለ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በዕድሜው "እሳቸው" ልለው ይገባኝ ነበር፤ ፊት ለፊትም እል ነበር። በልቤ ግን ከዚያ መስከረም ጀምሮ "እሱ" ሆኖ ቀረ። ከሞተ በኋላም አላሻሻልኩለትም።

ቤታችን ከአርብ ገበያ ወደ ቆላ በሚያወርደው መንገድ፣ ከገደሉ አፋፍ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ከእርሻው ይልቅ ግን ልቡ ንቦቹ ላይ ነበር። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በልተን ስናበቃ፣ እናቴንና እኔን አስከትሎ አበባ ሊያይ ይወጣል። ንብ ያለው ሰው የት ምን እንዳበበ፣ አበባው ላይም ማን እንዳረፈ ካላወቀ የሚበላውን አያውቅም ይል ነበር። መንገዳችን ሁልጊዜ አንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ተነስተን፣ በወይራው በኩል አድርገን፣ ጅረቷን ተሻግረን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እንቀመጣለን። ከዚያ ተራ በተራ ያየነውን እንናገራለን። እኔ አጋም ማበቡን፣ ወይም ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ መውጣቷን ስናገር፣ አባቴ "ንብስ ነበረበት?" ይላል። ያልተመለከትኩ እንደሆነ ተመልሼ አይቼ እንድመጣ ይልከኛል።

አንድ ጎረቤታችን ይህ ሰንበት መሻር ነው ብሎ ለነፍስ አባታችን ነገረብን። እሳቸውም አባቴን ጠርተው፣ "ትቀጥፋለህ?" አሉት። "አልቀጥፍም፣ አያለሁ እንጂ።" ጎረቤታችን ማየቱስ ቢሆን ሥራ አይደለም ወይ ቢል፣ "እንግዲያማ እሁድ እሁድ ዓይናችንን ጨፍነን ልንውል ነው" ብለው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ እሁድ ማየት እንጂ መቅጠፍ የለም የሚለው የቤታችን ሕግ ሆነ።

አባቴ ነሐሴ ላይ ሞተ። አርባው የወጣው መስከረም ላይ ነው። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኖ፣ መጭ የሚሉት አረምም ከእርሻው ዳር ዳር ፈክቶ፣ ንቦቹ ከሩቅ የሚሰሙበት ጊዜ ነበር። ከቀፎዎቻችን ሁሉ ክረምቱን አልፋ የተረፈችው አንዲት ነበረች፤ ከወይራው ላይ የተሰቀለችው። ንቦቿ ረጋ ያሉ ናቸው፣ ሰው አይነድፉም፣ ማሯም ነጭ ነው። አባቴ "ደርባባዋ" ነበር የሚላት። አርባው በወጣ ማግስት ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ አያ ታከለ ሁለት ሰዎችና ገመድ ይዞ መጥቶ ወይራው ሥር ቆመ።

"አያ ታከለ፣ ምን ፈልገው ነው?" አለች እናቴ።

"የወንድሜን ቀፎ ልወስድ ነዋ። ሴት ቀፎ አትከፍት፣ ምን ታደርጊበታለሽ? ቆሎ ልታስቀምጪበት ነው?"

"ልጁ አለች።"

"ልጁማ ነገ ታገባለች። የወንድሜን ንብ ለማላውቀው አማች ልስጥ?" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም እንደ ቆቅ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ከምትሮጪ እንዝርት ያዢ። ባል አበባ አይበላም።"

ገመዱን የያዙት ሰዎች ሳቁ። ቀፎዋን እርሺያት የሚለኝ ሰው ቢኖር ምናልባት እረሳት ነበር። ያን ሳቅ ግን አልረሳውም። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቆማ ነበር፤ ደርባባዋም በሸማ ተጠቅልላ በሰው ትከሻ ላይ እያዜመች ስትሄድ አየኋት። በልቤ ማልኩ። ቀፎዋ ወደ ወይራዋ ትመለሳለች፤ እሱም በሰው ፊት ያፍራል አልኩ።

ሽማግሌ ብንልክበት፣ "ቆይ፣ ሐዘኑ ይብረድ" አሉን። ሐዘኑ ሳይበርድ ማሩ ተቆረጠ። ህዳር ላይ አርብ ገበያ እናቴ ድንቿን ዘርግታ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ አያ ታከለ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ የአባቴን ነጭ ማር ሲሸጥ ዋለ። ሰዎቹ ጣታቸውን እየላሱ "ይህ የማን ማር ነው?" ሲሉት፣ "የእኔ ነዋ፣ የማን ሊሆን" ሲል ሰማሁት። ሳያፍር ደግሞ አንዲት ቁራሽ በቅጠል ጠቅልሎ ላከልን። እናቴ ለላካት ልጅ መልሳ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲህ የእሁዱ መንገድ መልኩ ተለወጠብኝ። አባቴ ባይኖርም እናቴ አላቋረጠችውም፤ ሁለታችን እንወጣ ነበር። ድሮ አበባ ሳይ አበባውን ነበር የማየው። አሁን ሳማ ሳይ የአያ ታከለ መኝታ ይታየኛል። ጨጎጎት ሳይ የበጎቹን ፀጉር አስባለሁ። ጉንዳን መንገዱን አቋርጦ ሲጓዝ ሰልፉን በምን ዘዴ ወደ ጎተራው እንደማዞር አውጠነጥናለሁ። በገደሉ ላይ አንድ ትልቅ አሞራ ነበር፤ አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ይወጣና ድንጋይ ላይ ለቆ ሰብሮ ይበላል። ሽኮኮዎቹ ጥላውን ሲያዩ ወደ ስንጥቃቸው ይገባሉ። እኔ ግን አንገቴን አቅንቼ፣ የአያ ታከለ መላጣም እኮ ከላይ ሲታይ ድንጋይ ነው እያልኩ እመኝ ነበር።

አንድ እሁድ እናቴ ሳማ ፊት ቆሜ አገኘችኝ።

"ምን እያየሽ ነው?"

"ሳማ።"

"ማን ላይ ያለ ሳማ?"

እጄን ከሳማው አራቅሁ።

"ዛሬ እሁድ ነው፣ አይቀጠፍም" አለች።

"ሰኞስ?"

"ሰኞ አጨዳ አለብሽ።"

እንዲህ እያለች ታልፈዋለች። በቀሏን ከእኔ በተሻለ እንደምትጠብቅ ያን ጊዜ አልገባኝም።

አያ ታከለ ደርባባዋን የሰቀላት ከጓሮው፣ እገደሉ ጠርዝ ላይ ካለች ግራር ላይ ነው። ሌባ እንዳይወስዳት ከዓይኑ ሥር ትሁን ብሎ ነው አሉ። ሌባ መፍራቱ ይገርመኝ ነበር። ግራሯ እኛ እሁድ እሁድ ከምንቀመጥበት ማዶ ናት፤ በመካከላችን ጠባብ ሸለቆ አለ። ስለዚህ በየሳምንቱ ቀፎአችንን በዓይናችን እየጎበኘን እንመለሳለን። ለእኔ ቁስል መነካካት ነበር። እናቴ ግን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ንቦቹን ታያለች።

ጥር ገባ። አውድማው ተጠርጓል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ መሬቱ ግጦሹ አልቆ ራቁቱን ወጥቷል። ከወይራው እስከ ጅረቷ ያበበ ነገር አጣን። ግራዋው ገና እንቡጥ ነው። ለአባቴ የምናገረው የለኝም ብዬ አሰብኩ፤ አንዳንዴ መሞቱን ትንሽ ጊዜ እረሳው ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ከታች ገደሉ ራሱ የሚያዜም መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሥራችን እስከ ቆላው ቁልቋሉ በሙሉ አብቧል፤ በየክንዱም ላይ ንብ ፈልቷል።

"ፀሐዩን ከኋላሽ አድርጊና ተከተያቸው" አለች እናቴ። "ጠግበው ወዴት ይሄዳሉ?"

"ወደ አያ ታከለ ግራር።"

"ሌላስ?"

ብዙ ቆሜ አየሁ። "ሌላ የትም።"

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አባትሽ ደርባባዋን እስከዚያ ላይ ወይራ ድረስ የወሰዳት ለምን ይመስልሻል? ከዚህ ገደል ሊያርቃት ነው። የቁልቋል ማር ለንብ ነው፤ ሰው ሲበላው ጉሮሮ ይለበልባል። ውሃ ሲጠጡበት ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው በእኛ ቤት የጥር ማር የማይቆረጠው።"

"ይገድላል?"

"አይገድልም።"

አይገድልም ስትለኝ ለአፍታ ቅር አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ በጣም ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ በከንቱ አልነበረም። የአያ ታከለ ልጅ ብርቄ በጥር ማብቂያ ልትዳር ድግስ ተደግሶላታል። አባቷ የህዳሩን ማር ሸጦ ጨርሷል፤ ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ ከነሰፈፉ ትኩስ ማር እቆርጣለሁ ብሎ በየጠላ ቤቱ ሲናገር ከርሟል። ከቀፎ ጋር ኖሮ አያውቅም። የሚያውቀው ወንድሙ በየዓመቱ ህዳር የሚያቀርብለትን ብቻ ነው።

"ሂጂና ንገሪው" አለችኝ እናቴ።

"ለምን ብዬ? ይለብልበው።"

"እሱን ይለብልበው። እንግዳው ምን አደረገ?"

"አንቺ ንገሪዋ።"

"እኔ ስነግረው ቀፎዬን ፈልጌ ይመስለዋል። ልጅ ሲነግረው ይሰማል።"

እንግዲህ እናት ካዘዘች መሄድ ነው። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሄድኩ። አንድን እውነት ሰው የሚያምንበት አነጋገር አለ፣ የማያምንበትም አለ። ብቻውን ባገኘው ኖሮ ሊያምነኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከእነዚያ ገመድ ከያዙት ሰዎች ጋር ጠላ እስኪይዝ በአጥሩ በኩል ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ቀላ ሲል ገባሁ።

"አያ ታከለ፣ እባክዎ ያን ማር አይቁረጡት። የቁልቋል ነው፣ ጉሮሮ ይለበልባል።"

"ምን አልሽ? የቁልቋል?" አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። "ህዳር የሸጥኩትስ የምን ነበር፣ የእሬት?"

ሳቁ። እኔ ዓይኔን ከግራሯ ላይ ሳልነቅል፣ እናቴ ያላዘዘችኝን አንድ ነገር ጨመርኩ።

"ለእኛ ይተዉልን።"

"አሃ" አለ አያ ታከለ፣ ጉልበቱን መታ እያደረገ። "ይኸውላችሁ ቁልቋሉ። ማር አምሯት ነው የመጣችው። ሂጂ፣ እናትሽን በሰርጉ ቀን መጥታ ጣቷን ትላስ በያት።"

ስመለስ እናቴ፣ "ነገርሽው?" አለች።

"ነገርኩት፣ በሰው ፊት።"

"ምን አለ?"

"ሳቀ።"

እናቴ ፊቴን ትንሽ ካየች በኋላ ሌላ አልጠየቀችኝም።

የሰርጉ ዕለት ዘመድ ነንና ሄድን። እኔ ብቻዬን ቀድሜ ገባሁ ማለት ይሻላል፤ እናቴ ላሚቱን ልለብ ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ዳሱ በሰው ተሞልቷል፤ የተቀጠፈው ቅጠል ገና ይሸታል። ብርቄ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ሙሽራ በሰው ፊት አትበላም፤ እሷ ምንም እንደማትሆን አውቄ ልቤ ቀለለኝ። ወጡ ተበልቶ፣ ጠጁ ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ አያ ታከለ በትልቅ ገበቴ ማሩን አስይዞ መጣ።

"የወንድሜ እጅ የሠራው ቀፎ፣ የእኔ እጅ የቆረጠው ማር" አለና ትልቁን ቁራሽ አንስቶ እሱ ራሱ ቀድሞ ጎረሰ። እንዲያ እንደሚያደርግ ባልማልም ተስፋ አድርጌ ነበር። ሙሽራው ጎረሰ፣ ሚዜዎቹ ጎረሱ፣ የነፍስ አባታችንም ቀመሱ።

የቁልቋል ማር ጨዋ ነው። ሲገባ እንደማንኛውም ማር ጣፍጦ ነው የሚገባው። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ነበር። አንደኛው ግጥሙን መሐል ላይ አቁሞ ጉሮሮውን ያዘ። ቀጥሎ ሌላው። "ውሃ" ተባለ፤ ውሃ መጣ፤ ጠጡ፤ ባሰባቸው። ባሰባቸውና እንደገና ጠጡ። ሙሽራው አፉን ከፍቶ በጋቢው ጫፍ ያራግባል። አያ ታከለ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ አንድ ማሰሮ ውሃ ጨረሰ። እኔ የዳሱን ምሰሶ ተደግፌ እያንዳንዷን ሳል አንድ በአንድ አጣጣምኳት። ያን ጊዜ ማር አልበላሁም፤ ከማርም የሚጣፍጥ ነገር አልጎደለኝም።

ከሙሽራው ወገን አንድ ትልቅ ሰው ተነሱ። "ይህ ማር የሆነ ነገር ተደርጎበታል" አሉ።

"ተደርጎበታል" አለ አያ ታከለ፣ ድምፁ ታፍኖ። "የወንድሜ ሚስት ናት። ልጇን ልካ ስታስደግምብኝ ነበር።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምሰሶውን አጥብቄ ያዝኩ። በአገራችን አንዲት ሴት "መድኃኒት አበላች" ከተባለች ያ ስም በእሷ አያበቃም፤ ልጇን የሚያገባት፣ እሳት የሚያውሳት ይጠፋል። ያን ሁሉ የተንኮል ሳምንት ሳስብ ይህ አንድም ቀን አልታየኝም።

እናቴ የገባችው ይህን ጊዜ ነው። በትከሻዋ የወተት ቅል አንጠልጥላለች።

"ውሃውን አስቀምጡ፤ ውሃ ያብሰዋል" አለች። ከሚዜዎቹ ጀምራ ለሁሉም ወተት ቀዳች። ለአያ ታከለም ቀዳችለት፤ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ወደ ገበቴው ሄዳ ደህና ቁራሽ ቆርሳ ጎረሰች፣ አላምጣ ዋጠች፣ እጇን አጣምራ ቆመች። እንባዋ ፈሰሰ፤ አላሳለችም፣ ወተትም አልነካችም። ሰው ሁሉ ሲያያት ቆየ።

"የቁልቋል ማር ነው" አለች በመጨረሻ። "ንቢቱ ከቀሰመችው ሌላ ምንም የለበትም። አያ ታከለ፣ ልጄን ልኬ ነግሬዎታለሁ። ነግራዎታለች ወይስ አልነገረችዎትም?"

አያ ታከለ ወተቱ ላይ አቀረቀረ። ከእነዚያ ገመድ ከያዙት ሰዎች አንዱ ነው ከወደ በሩ የመለሰው። "ነግራዋለች። እኛም ስቀንባታል" አለ።

"ነግራኛለች" አለ አያ ታከለ፣ መሬት መሬት እያየ።

የነፍስ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ቀፎው ወደሚያውቀው ሰው ይመለስ" አሉ፤ ሳሉና ደግሞ፣ "ዛሬውኑ" አሉ። የሚቃወም ጉሮሮ ያለው ሰው አልነበረም። የብርቄ ዓይነ ርግብ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ኋላ ብትነግረኝ ለካ እየሳቀች ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እናቴ መቀነቷን አጥብቃ፣ ጭሷን ይዛ ግራሯ ላይ ወጣች። ሴት ቀፎ አትከፍትም ሲባል የሳቁት ሰዎች መሰላሉን ያዙላት። ደርባባዋን በሸማ ጠቅልላ፣ እንደ ልጅ በጀርባዋ አዝላ መንገዱን ስትወጣ፣ እኔ ባዶውን የወተት ቅል ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ። ቅሏ ባዶ ሆና እንኳ ከብዳኝ ነበር።

ታሪኩን ስጨርስ የልጅ ልጄ ስልኳን አስቀምጣለች። "እታለም፣ እስካሁን ይቅር አላልሻቸውም ማለት ነው?" አለችኝ። ይቅር ማለቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ እሳቸውም ተቀብለውኛል። ያን ገበቴ ሳስብ ግን አሁንም ምራቄ ይጣፍጠኛል። ምን ላድርገው? ዕድሜ ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ ይህችን አልነካትም። የሚመጣው ቅዳሜ አብሬሽ እወጣለሁ ብያታለሁ። ጉልበቴ ከፈቀደ ገደሉ ሲያዜም አሰማታለሁ፤ ፀሐዩን ከኋላ አድርጎ ንብ መከተልንም አሳያታለሁ፤ ስልኩ ይህን አያሳያትም።

እናቴ በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ትንሽ ቀፎ ሠርታ ከገደሉ አፋፍ፣ በእኛ በኩል ሰቀለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ጥር በመጣ ቁጥር ከዚያች ቀፎ አንዲት ቁራሽ ቆርጣ፣ በቅል አድርጋ ከድና፣ ለአያ ታከለ ትልክለት ነበር። እስኪሞት ድረስ አላቋረጠችም። ቅሉም ሁልጊዜ ባዶውን፣ ታጥቦ ይመለስ ነበር።